ቪጋን (ፊሊፒንስ)፦ 54 ሺህ ሰው የማይሞላ ከተማ እንዴት ይተዳደራል? ገንዘቡስ ከየት ይመጣል?

መነሻ ጽሑፍ

ትልልቅ ከተሞችን ብዙ ጊዜ ስላነሳን ዛሬ አንዲት ትንሽ ከተማ ላቅርብ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ቪጋን የምትገኘው በሉዞን ደሴት ሰሜን ምዕራብ ጠረፍ ሲሆን የኢሎኮስ ሱር ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ናት። በ2020ው ቆጠራ 53,935 ነዋሪ ተመዝግቦባታል። ስፋቷ 25 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በ39 ባራንጋይ (በአገሪቱ ትንሹ የአስተዳደር እርከን) ተከፋፍላለች። ስፔናዊው ኹዋን ዴ ሳልሴዶ በ1572 ደርሶ የስፔን ከተማ አድርጎ ቆረቆራት፤ የቻይና ነጋዴዎች ግን ከዚያም በፊት ያውቋታል። በ1999 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባት ዋናው ክልል 17.25 ሄክታር፣ በዙሪያው ያለው መከለያ ደግሞ 18.73 ሄክታር ተብሎ ተለካ። በ25 ጎዳናዎች ዳርና ዳር የተደረደሩ 233 ታሪካዊ ሕንጻዎች አሉ።

የኔ አቋም ይህ ነው፦ ቤቶቹን ያቆያቸው የከተማው ምክር ቤት ደንብ ነው፤ ዩኔስኮ የመጣው ሥራው ከተጀመረ በኋላ ነው። ኤቫ ማሪ ሜዲና በ1995 ከንቲባ ሆነው ቅርሱን የልማት ዕቅዱ መሠረት አደረጉት። የጥበቃውን ክልል የሚወስኑት ደንቦች በ1997 ወጡ፤ ምዝገባው የተከተለው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ዝርዝር የጥገና መመሪያ ደግሞ በ2006 በደንብ ጸደቀ። ታዲያ ይህን የምታህል ከተማ ደንብ አውጥታ የማስፈጸም ሥልጣን ከየት አገኘች? ወጪዋንስ ማን ይሸፍናል? የመጡትን ምላሾች በየቁጥራቸው አሰፍራለሁ፤ ቃል በቃል ሳይሆን ፍሬ ነገራቸውን።

ምላሽ 1

የመጀመሪያው መላሽ አመስግኖ በቀጥታ ወደ ሕጉ ገባ። የሥልጣኑ ምንጭ የ1991 የአካባቢ አስተዳደር ሕግ ነው፤ ፕሬዚዳንት ኮራዞን አኪኖ በጥቅምት 1991 ፈርመውት ከጥር 1 ቀን 1992 ጀምሮ ሠራ። በዚህ ሕግ መሠረት እንደ ቪጋን ያለ ከተማ ከንቲባ፣ ምክትል ከንቲባና 10 የምክር ቤት አባላት በቀጥታ ይመርጣል። የባራንጋይ ሊቀ መናብርት ማኅበርና የወጣት ምክር ቤቶች ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንቶች በሹመታቸው ተጨማሪ ወንበር ይይዛሉ። የሥልጣን ዘመኑ 3 ዓመት ሲሆን አንድ ሰው በተከታታይ ከሦስት ዘመን በላይ አይቀመጥም። ምክር ቤቱን የሚመራው ምክትል ከንቲባው ነው፤ ድምፅ የሚሰጠው ግን እኩል ለእኩል ሲሆን ብቻ ነው። ከንቲባው ደንብ ውድቅ ማድረግ ይችላል፤ ምክር ቤቱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይሽረዋል። ከዚያም ብዙዎች የማያስተውሉትን ጨመረ፦ የጤናና የግብርና አገልግሎት ወደ ከተማው ወርዷል፤ መምህራን፣ ፖሊስና እሳት አደጋ ግን አሁንም የማዕከላዊው መንግሥት ናቸው። ከንቲባው የፖሊስ አዛዡን የሚመርጠው የክፍለ ሀገሩ ፖሊስ ኃላፊ ካቀረበለት የአምስት ሰው ዝርዝር ውስጥ ነው።

ምላሽ 2 እና 3

ሁለተኛው ባራንጋይ ማለት የኛው ቀበሌ አይደለም ወይ ብሎ ጠየቀ። ሦስተኛው በትሕትና አስተካከለው። በስፋትና በቅርበት ይመሳሰሉ ይሆናል፤ ባራንጋይ ግን ራሱን የቻለ የመንግሥት እርከን ነው። ሊቀ መንበሩንና ሰባት የምክር ቤት አባላቱን ነዋሪው በቀጥታ ይመርጣል፤ ፓርቲ በዚህ ምርጫ አይወዳደርም። ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይሾማሉ። የወጣት ምክር ቤቱ ሊቀ መንበርም ወንበር አለው፤ የባራንጋዩ ጠቅላላ ገንዘብ 10 በመቶም በሕግ ለወጣቶቹ ይቀመጣል።

ይኸው መላሽ ቀለል ያለ ስሌት አስቀመጠ። 53,935ን ለ39 ስናካፍለው በአማካይ 1,383 ሰው በአንድ ባራንጋይ ይደርሳል። ሕጉ አዲስ ባራንጋይ ለማቋቋም ቢያንስ 2,000 ነዋሪ ይጠይቃል። የቪጋኖቹ ከሕጉ በፊት የነበሩ ስለሆኑ አልተነኩም፤ ዛሬ እንፍጠር ቢባል ግን ብዙዎቹ መስፈርቱን አያልፉም።

ምላሽ 4

ስለ ዕርቅ ሥርዓቱ የጻፈው ሰው ጉዳዩን በሚገባ የሚያውቅ ነው። በአንድ ከተማ በሚኖሩ ሰዎች መካከል የሚነሳ ክርክር፣ በወንጀልም ቢሆን ከ1 ዓመት እስር ወይም ከ5,000 ፔሶ ቅጣት የማይበልጥ ከሆነ፣ ፍርድ ቤት ከመሄዱ በፊት በባራንጋይ ማለፍ አለበት። ሊቀ መንበሩ 15 ቀን ይሸመግላል። ካልሆነለት ከ10 እስከ 20 አባላት ካሉት የሽማግሌዎች ጉባኤ ሦስት ሰው ይመረጥና ሌላ 15 ቀን ይሰጣል፤ ይህም ሊራዘም ይችላል። ጠበቃ አይገባም። ስምምነቱ በ10 ቀን ውስጥ ካልተቃወሙት እንደ ፍርድ ይጸናል፤ ጉባኤው ራሱ የማስፈጸም ሥልጣን ያለው ግን ለ6 ወር ብቻ ነው። ሰዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። ቀኑን ያሳልፉና ባራንጋዩን ይወቅሳሉ፤ ከ6 ወር በኋላ ግን በሩ የከተማው ፍርድ ቤት ነው። የባራንጋዩን ማረጋገጫ ሳይዙ ክስ የሚከፍቱም መዝገባቸው ይመለስባቸዋል።

ምላሽ 5 እና 6

አምስተኛው ቪጋን ከበላይዋ ማንም የለም፣ ራስ ገዝ ናት ብሎ ደመደመ። ስድስተኛው ትንሽ ጠንከር ብሎ ስህተት ነው አለው። ቪጋን በክፍለ ሀገር ሥር ያለች ከተማ ናት። የምታወጣው ደንብ በ3 ቀን ውስጥ ለኢሎኮስ ሱር ምክር ቤት ይላካል፤ እሱም ከሥልጣን ያለፈ መሆን አለመሆኑን ለመመርመር 30 ቀን አለው፤ ዝም ካለ ደንቡ ጸንቷል ማለት ነው። በጀቷንም የሚመረምረው ይኸው ምክር ቤት ሲሆን ጊዜው 90 ቀን ነው። ለንጽጽር ናጋ ከተማን አነሳ። ናጋ የምትገኘው በካማሪኔስ ሱር መካከል ነው፤ ከክፍለ ሀገሩ ነጻ ስለሆነች ግን ነዋሪዎቿ ለአገረ ገዢው ድምፅ አይሰጡም። የቪጋን ሰው ግን ይሰጣል። ልዩነቱ ከወረቀት ያለፈ ነው፦ የክፍለ ሀገሩን ወንበር የያዘ ቤተሰብ በከተማዋም ላይ እጁ ረጅም ይሆናል። (ይህ ነጥብ ወደ ታች ሲወርድ ጠብ አስነስቷል።)

ምላሽ 7

እኔ ከጠበቅሁት ሁሉ የተሻለው ምላሽ ይህ ነበር። ጸሐፊው የበጀት ሰው መሆኑ ያስታውቃል። ማዕከላዊው መንግሥት ከሚሰበስበው ግብር 40 በመቶው ለአካባቢ አስተዳደሮች ይወርዳል። ይህ ድርሻ ለክፍለ ሀገሮች 23፣ ለከተሞች 23፣ ለወረዳ ማዘጋጃ ቤቶች 34፣ ለባራንጋዮች 20 በመቶ ሆኖ ይከፈላል። የከተሞቹ ድርሻ እንደገና በሦስት መስፈርት ይደለደላል፦ 50 በመቶው በሕዝብ ብዛት፣ 25 በመቶው በመሬት ስፋት፣ 25 በመቶው ደግሞ ለሁሉም እኩል።

ቁልፉ ያ የመጨረሻው 25 በመቶ ነው። በ2020 ቆጠራ 1,776,949 ሰው የነበረባት ዳቫዎና 53,935 ሰው ያለባት ቪጋን ከዚህ ክፍል የሚደርሳቸው ገንዘብ እኩል ነው። በሕዝብም በስፋትም ትንሽ ለሆነች ከተማ ከሦስቱ ሁሉ የሚበልጠው ይኸው የእኩልነት ድርሻ ነው። የወረዳ ማዘጋጃ ቤት ሆና ብትቀር ኖሮ ድርሻዋን ከ1,400 በላይ ከሚሆኑ ወረዳዎች ጋር ትካፈል ነበር፤ ከተሞቹ ግን 149 ናቸው። ከተማ መባልን ሁሉም የሚመኘው፣ ነባሮቹ ከተሞች ደግሞ አዲስ መጪን የሚቃወሙት ለዚህ ነው። ኬኩ ያው፣ ተቆራሹ ይበዛል።

ገንዘቡ ሲመጣም እጅና እግሩ ታስሮ ነው። ቢያንስ 20 በመቶው ለልማት ሥራ ይውላል። ከመደበኛ ገቢው ቢያንስ 5 በመቶ ለአደጋ ሥጋት ይቀመጣል፤ ከዚያም ውስጥ 30 በመቶው አደጋ ሲደርስ በፍጥነት የሚወጣ ነው። ለደመወዝ የሚወጣው ከመደበኛ ገቢው በከፍተኛ የገቢ ደረጃ ላሉት ከተሞች ከ45 በመቶ፣ ለዝቅተኞቹ ከ55 በመቶ ሊያልፍ አይችልም። ከንቲባው በጀቱን እስከ ጥቅምት 16 ያቀርባል። ምክር ቤቱ አዲሱ ዓመት ሲገባ ካላጸደቀ ያለ ተጨማሪ አበል መሰብሰቡን ይቀጥላል፤ 90 ቀን ካለፈ ያለፈው ዓመት በጀት ይቀጥላል፣ ግን ለነባር ደመወዝ፣ ለሕጋዊ ግዴታና ለአስፈላጊ የሥራ ማስኬጃ ብቻ። በዚያ ዓመት አዲስ ፕሮጀክት የለም ማለት ነው።

ምላሽ 8

ለቱሪስት የሚታሰበው ገንዘብስ የት ገባ ብሎ ጠየቀ። ማንም በቀጥታ አልመለሰለትም። እኔ የምለው ቱሪስቱ ለከተማዋ ግምጃ ቤት የሚገባው በንግድ ግብርና በፈቃድ ክፍያ በኩል ነው፤ ትልቁ ትርፍ በእንግዳ ማረፊያው፣ በሱቁና በጋሪ ነጂው ኪስ ይቀራል።

ምላሽ 9

ይህኛው ምላሽ 7ን አንድ ነገር አስተካክሎለታል። 40 በመቶው ለረጅም ጊዜ የሚሰላው ከአገር ውስጥ ገቢ ብቻ ነበር፤ ጉምሩክ አይቆጠርም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2018 ማንዳናስ በተባለው ውሳኔ የብሔራዊ ግብር ሁሉ መቆጠር አለበት አለ፤ ተግባራዊ የሆነው ከ2022 በጀት ጀምሮ ነው። ደግሞም ስሌቱ የሚሠራው ከሦስት ዓመት በፊት በተሰበሰበው ግብር ነው። ውጤቱን በቁጥር አሳየ፦ በ2022 ለአገሪቱ አካባቢ አስተዳደሮች ሁሉ የተደለደለው 959 ቢሊዮን ፔሶ ያህል ሲሆን በ2023 ወደ 820 ቢሊዮን ወረደ። የ2020 የወረርሽኝ ዓመት የግብር ጉድለት የታየው ያኔ ነው። በ2022 የተገኘውን ጭማሪ ቋሚ መስሎት ሠራተኛ የቀጠረ ከተማ በ2023 ተቸገረ።

ምላሽ 10 እና 11

አሥረኛው ቪጋን ከተማ የሆነችበትን ሕግ አስታወሰ፦ ፕሬዚዳንት ጆሴፍ ኤስትራዳ በታኅሣሥ 27 ቀን 2000 የፈረሙት። አሥራ አንደኛው የታሪክ ወዳጅ ነው፤ ቀኖቹን እንዲህ ደረደራቸው። በጥቅምት 2000 ኤስትራዳን በሕገ ወጥ ቁማር ገንዘብ የከሰሳቸው የኢሎኮስ ሱር አገረ ገዢ ሉዊስ ሲንግሰን ነበር። ክሱ በታኅሣሥ ወር ሴኔት ፊት ቀረበ። ፕሬዚዳንቱ ክሳቸው እየታየ ሳለ የከሳሻቸውን ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ከፍ የሚያደርገውን ሕግ ፈረሙ። በጥር 20 ቀን 2001 ቤተ መንግሥቱን ለቀው ወጡ፤ የቪጋን ሰው ሕዝበ ውሳኔ የሰጠው ከሁለት ቀን በኋላ፣ ጥር 22 ነው። በውይይቱ ውስጥ ብዙ ምስጋና ያገኘው ይህ ነው፤ ለጥያቄው ግን ብዙም አልጨመረም።

ምላሽ 12 እና 13

አሥራ ሁለተኛው ጥርጣሬውን በቁጣ ገለጸ፤ እስከዚያ ድረስ እርስዎ ሲል የነበረው አንተ ማለት ጀመረ። በ1991ዱ ሕግ ከተማ ለመሆን 20 ሚሊዮን ፔሶ ገቢ፣ በዚያ ላይ ወይ 150,000 ሕዝብ ወይ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት ያስፈልጋል። ቪጋን ሁለቱንም የላትም። ፖለቲካ እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል አለ።

አሥራ ሦስተኛው በርጋታ መለሰ። ሕጉ የተጻፈው አዲስ ከተማ ለመፍጠር ሳይሆን በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የስፔኑ ንጉሥ ፈርናንዶ 6ኛ በአዋጅ የሰጡትን የከተማነት ማዕረግ ለማጽናት ነው። ፖለቲካ የለበትም አላለም፤ መንገዱ ግን ይህ ነው አለ። ጊዜውም ጠባብ ነበር፦ በዚያው 2001 የገቢ መስፈርቱ በአካባቢው ከሚሰበሰብ ገቢ 100 ሚሊዮን ፔሶ ሆነ። ከዚያ በኋላ 16 ወረዳዎች በ2007 ከተማ የሚያደርጓቸውን ሕጎች ሲያገኙ ነባሮቹ ከተሞች ከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2008 ሻረው፣ በ2009 አጸናው፣ በ2010 እንደገና ሻረው፣ በ2011 መልሶ አጸናው። ምላሽ 7 ላይ የተገለጸው የእኩልነት ድርሻ ባይኖር ይህ ሁሉ ሙግት አይነሳም ነበር።

ምላሽ 14 እና 15

የንብረት ግብር። አሥራ አራተኛው 2 ሚሊዮን ፔሶ በሚያወጣ መሬት ላይ 2 በመቶ አስልቶ በዓመት 40,000 ፔሶ ይከፈላል ብሎ ደነገጠ። አሥራ አምስተኛው ስሌቱ አንድ ደረጃ ዘሏል አለው። ግብሩ የሚታሰበው በገበያ ዋጋው ላይ ሳይሆን በተገመተው ክፍል ላይ ነው። ለመኖሪያ መሬት ከፍተኛው ግምት 20 በመቶ፣ ለንግድ መሬት 50 በመቶ ነው። ስለዚህ በ2 ሚሊዮኑ የመኖሪያ መሬት ላይ ግብር የሚጣልበት 400,000 ነው። ከተማ ሊጥል በሚችለው ከፍተኛ መጣኔ 2 በመቶው 8,000፣ ለትምህርት ቤቶች የሚታከለው 1 በመቶ 4,000፣ በድምሩ 12,000 ፔሶ። መሬቱ ለንግድ ከዋለ ግን 1 ሚሊዮን ይገመታል፤ 20,000 እና 10,000፣ ጠቅላላ 30,000። አሮጌው ቤት ታችኛው ፎቅ ሱቅ ሲሆን የመሬቱ ግብር እስከ ሁለት እጥፍ ተኩል ይደርሳል። በጊዜው ያልከፈለ በወር 2 በመቶ ወለድ ይታከልበታል፤ ጣሪያው 36 ወር ነው።

ከዋናው ግብር 70 በመቶው ለከተማው፣ 30 በመቶው ለባራንጋዮቹ ይሄዳል፤ የባራንጋዮቹ ግማሽ ንብረቱ ላለበት፣ ግማሹ ለሁሉም በእኩል። በቅርስ ክልል ውስጥ ያለው ቤት ለ39ኙም ያበላል ማለት ነው። በ2024 የወጣው አዲስ ሕግ የገበያ ዋጋ ሠንጠረዡን የማጽደቅ ሥልጣን ከምክር ቤቱ ወስዶ ለገንዘብ ሚኒስትሩ ሰጥቷል። ምርጫ ሲቀርብ የዋጋ ክለሳ የሚያዘገይ ምክር ቤት ከእንግዲህ ሰበብ የለውም።

ምላሽ 16 እና 17

ከዚህ በኋላ ውይይቱ ወደ ቤቶቹ ዞረ፤ እኔም ደስ አለኝ። የቪጋን ቤት ሁለት አካል አለው። ታችኛው ፎቅ ወፍራም የሸክላ ጡብ ግንብ ነው፣ በኖራ የተገጠመና የተለሰነ። ላይኛው በእንጨት የተዋቀረ ሆኖ ወለሉ ናራ ከተባለ ጠንካራ እንጨት፣ ተንሸራታች መስኮቶቹ ካፒዝ ከተባለው የባሕር ዛጎል ቅርፊት ይሠራሉ። ቅርፊቱ ብርሃን ያሳልፋል፣ ሙቀት ይቀንሳል። ታች ዕቃና ሠረገላ ይቀመጥበት ነበር፣ ሰው የሚኖረው ላይ ነው።

አሥራ ሰባተኛው ስለ ጥገና ያለው ሁሉ የሚሰማ ነው። ትልቁ ጠላት በሲሚንቶ መለሰን ነው ይላል። የጡብ ግንብ ከመሬት እርጥበት ይስባል፤ የኖራ ልስን ያንን ያስተነፍሳል። ሲሚንቶ ሲለበጥበት እርጥበቱ ውስጥ ይታፈናል፤ ጨዉ ከልስኑ ሥር ይቋጥርና የጡቡን ፊት ይልጠዋል። ከውጭ ቆንጆ፣ ከውስጥ ዱቄት። ግንቡ ውስጥ የተቀበሩ የእንጨት ምሰሶዎችም ከእግራቸው ይበሰብሳሉ፤ ምስጡም የሚገባው በዚያ ነው።

መፍትሔውን በደረጃ ጻፈ። ሲሚንቶው በመዶሻና በመሮ በቀስታ ይነሳል፤ በማሽን ከሆነ ጡቡ አብሮ ይወጣል። ግንቡ እንዲደርቅ ይተዋል። ድንጋይ ኖራ ሲበርድ ኖራው ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው በኖራው ላይ አይፈስም፤ ፈልቶ ሰው ያቃጥላል። የበረደው ኖራ ተሸፍኖ ቢያንስ ሦስት ወር ይቆያል። ከዚያ 1 እጅ ኖራ ለ3 እጅ ንጹሕ አሸዋ ይቦካል፤ የባሕር ዳር አሸዋ ጨው ስላለበት አይሆንም። ግንቡ ውሃ ይረጫል፤ ልስኑ በየሽፋኑ ከ1 ሴንቲ ሜትር ሳይበልጥ ይደረባል፣ ከፀሐይ ተከልሎ ለአንድ ሳምንት ያህል እርጥብ ይደረጋል። ያልረጩት ልስን ይሰነጠቃል፤ ሰው ያኔ ኖራ አይሠራም ብሎ ወደ ሲሚንቶው ይመለሳል።

ምላሽ 18 እና 19

አሥራ ስምንተኛው በሐምሌ 27 ቀን 2022 የደረሰውን መጠኑ 7.0 የሆነ የአብራ ክፍለ ሀገር ርዕደ መሬት አንስቶ በቪጋን ያለው የደወል ማማ ፈረሰ አለ። አሥራ ዘጠነኛው አስተካከለ። አናቱ የወደቀው ማማ የባንታይ ነው፤ ባንታይ ጎረቤት ወረዳ እንጂ ቪጋን አይደለችም። የቪጋን ካቴድራል ማማ ከቤተ ክርስቲያኑ 15 ሜትር ያህል ተነጥሎ የቆመው ስምንት ማዕዘን ነው። መነጠሉም በብልሃት ነው፤ በነውጥ ጊዜ ማማው ቢወድቅ ጣራውን ይዞ አይወርድም። ከተማዋ ውስጥም ቤቶች ተጎድተዋል። ምክንያቱን ሲያስረዳ ከባዱ ግንብና ቀላሉ የእንጨት ፎቅ በተለያየ ፍጥነት ይወዛወዛሉ፤ በመገናኛቸው በብረት ወይም በእንጨት ካልታሰሩ ግንቡ ወደ መንገድ ይከፈታል። ቀድሞ በሲሚንቶ የተለበጠው ግንብ ልስኑ እንደ ሰሌዳ ተገንጥሎ ይወድቃል፤ ምላሽ 17ን አንብቡ ብሎ ጨረሰ።

ምላሽ 20 እና 21

ሃያኛው ቪጋን በ2014 ከሰባቱ የዓለም አስደናቂ ከተሞች አንዷ ተብላለች፣ ዩኔስኮ ሁለት ጊዜ አከበራት አለ። ሃያ አንደኛው አላለሳለሰም፦ ያ በኢንተርኔትና በስልክ ድምፅ የሚሰጥበት የግል ድርጅት ውድድር ነው፣ ዩኔስኮ የለበትም። የዩኔስኮ ሁለተኛው ዕውቅና ሌላ ነው፤ በ2012 ለቅርስ አያያዟ አርአያነት የተሰጣት። ቃሉ ቢመርም ትክክል ነው።

ምላሽ 22 እስከ 27

ሃያ ሁለተኛው ለሞተር የተዘጋውና የፈረስ ጋሪ የሚሄድበት የካዬ ክሪሶሎጎ ጎዳና በ1970 በካቴድራሉ ውስጥ በቅዳሴ ላይ በተገደሉት የአገሪቱ ኮንግረስ አባል ፍሎሮ ክሪሶሎጎ ስም ተሰየመ ብሎ ጻፈ። ሃያ ሦስተኛው፦ አይደለም፣ በጸሐፌ ተውኔቱ ሜና ክሪሶሎጎ ስም ነው። ግድያው ግን እውነት ነው። በዚያን ጊዜ የኢሎኮስ ሱር ፖለቲካ የትምባሆ ገንዘብና የግል ታጣቂ ፖለቲካ ነበር፤ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በባንታይ ሁለት መንደሮች ተቃጥለዋል። በ1971 ሉዊስ ሲንግሰን የሟቹን ባለቤት አሸንፎ አገረ ገዢ ሆነ፤ ሟቹ አጎቱ ነበሩ።

ሃያ አራተኛው ከዚህ ተነስቶ የመነሻ ጽሑፉን ነቀፈ፦ ስለ ደንብ ታወራለህ፣ ወንበሩ ግን ከዘመድ ወደ ዘመድ ይተላለፋል። ሃያ አምስተኛው ሕዝቡ መረጠ፣ ምን አገባህ አለው። ሃያ ስድስተኛው ሁለቱንም ትቶ ሕጉን አስቀመጠ፦ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የፖለቲካ ሥርወ መንግሥትን ይከለክላል፣ ግን ሕግ በሚወስነው መሠረት ይላል፤ ኮንግረሱ ያንን ሕግ እስካሁን አላወጣም። በአገር አቀፍ ሕግ የተከለከለው በወጣት ምክር ቤት ብቻ ነው፤ በ2016ቱ ሕግ ከ18 እስከ 24 ዓመት የሆነ ዕጩ በአካባቢው የተመረጠ ባለሥልጣን እስከ ሁለተኛ ደረጃ ዘመድ ሊሆን አይችልም። ለነቀፋው የኔ መልስ፦ ደንቡ ጥሩ መሆኑና ወንበሩ በአንድ ዘመድ መካከል መዞሩ ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ከንቲባ የነበሩት ሜዲናም ከሲንግሰን ቤተሰብ ናቸው። ደንቡ በየከንቲባው እንዳይቀያየር የረዳው የቤተሰቡ መቀጠል ይሆን የሚለው ጥያቄ ደስ ባይልም ማንሳት ያስፈልጋል። ሃያ ሰባተኛው አወያዩ ነው፤ ስድብ ያለባቸውን ሁለት ጽሑፎች አንስቶ ርዕሱን አስታወሰ።

ምላሽ 28 እና 29

አስታወሰ እንጂ ማን ሰማው። ሃያ ስምንተኛው ስለ ኤምፓናዳ ጻፈ፦ ከሩዝ ዱቄት በብርቱካንማ የአቹዌቴ ቀለም የተቦካ፣ ውስጡ ጥሬ ፓፓያ፣ እንቁላልና ሎንጋኒሳ ቋሊማ ተደርጎበት በዘይት የሚጠበስ። ሃያ ዘጠነኛው ነጭ ሽንኩርቱንና የሸንኮራ አገዳ ኮምጣጤውን ጨመረ። አወያዩ ዝም አለ።

ምላሽ 30 እና 31

ሠላሳኛው ወደ ቁም ነገሩ መለሰን፦ በዋናው ክልል ቤት ያለው ሰው ለመጠገን ምን ያደርጋል? ሠላሳ አንደኛው በቅደም ተከተል መለሰ። መጀመሪያ ከባራንጋዩ ማረጋገጫ፣ ከዚያ የዞን ፈቃድ። ሥራው ወደ ቪጋን ጥበቃ ምክር ቤት ይቀርባል፤ ቀለም፣ የመስኮት ዓይነት፣ የጣራ ቁመት፣ የምልክት ሰሌዳ እዚያ ይታያል። ለሕንጻ ሹሙ ቢያንስ አምስት ቅጂ ፕላን፣ የባለቤትነት ሰነድና የንብረት ግብር ደረሰኝ ይቀርባል፤ የእሳት አደጋ ቢሮም ያያል። በ2018ቱ ሕግ ቀላል ጉዳይ በ3፣ ውስብስብ በ7፣ ከፍተኛ ሙያ የሚጠይቅ በ20 የሥራ ቀን መልስ ማግኘት አለበት። ቀኑ የሚቆጠረው ግን ማመልከቻው ተሟልቶ ከገባ ነው፤ ግብር ያልተከፈለበት ቤት ፋይል ሳይቆጠር ይመለሳል። ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ሥራ ካልተጀመረ፣ ወይም ተጀምሮ ለ120 ቀን ከቆመ ይሻራል። ብዙ ወራሾች ያሉበት አሮጌ ቤት የሚወድቀው እዚህ ነው። አንዱ ማኒላ፣ አንዱ አሜሪካ፣ ፊርማ ሲሰበሰብ ገንዘቡ ያልቃል፣ ሥራው ይቆማል፣ 120 ቀኑ ያልፋል።

ምላሽ 32

የመጨረሻው ጠያቂ ወራሾቹ ለአንዱ ውክልና ቢሰጡ አይቀልም ወይ አለ። ሠላሳ አንደኛው አጭር መልስ ጨመረለት፦ ይቀላል፤ ውጭ አገር የሚፈረመው ውክልና ግን በፊሊፒንስ ቆንስላ ወይም በአፖስቲል (አገሮች ሰነድ የሚያረጋግጡበት ዓለም አቀፍ ማኅተም) መረጋገጥ አለበት፤ ያለዚያ ሹሙ አይቀበለውም።